የዑሸር ሙሽራ ክንፍ

በመንደራችን በደይር ሐጀር አንበጣ የሚለቅመው ብዙ ነው፤ ለቅሞ የሚሸጠው ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ጎረቤቴ ዐም ፉተይኒ። ዐም የምንላቸው እንደ አጎት ስለምናከብራቸው ነው እንጂ ዘመዴ አይደሉም። ዘመዴ ቢሆኑ ኖሮ እንደዚያ አልቀልድባቸውም ነበር። ቤታችንን የሚለየው የማሽላ አገዳ አጥር ነው። እሳቸውን ሲያስነጥሳቸው እኔ ከዚህ ሆኜ «ይማርዎት» እላለሁ፤ እኔ ከባለቤቴ ጋር ስጨቃጨቅ እሳቸው ከዚያ ሆነው ይፈርዳሉ። አንድ ቀን እንኳ ለእኔ ፈርደው አያውቁም።

አንበጣ በብርዱ ወራት ከባሕሩ በኩል ይመጣል። መጥቶ ማሽላችንን ይበላል፤ እኛም እሱን እንበላለን። ከአባቶቻችን ጀምሮ ፍርዱ እንዲህ ነው። «አንበጣ ከመጣ መድኃኒትህን ድፋ» ይላሉ ሽማግሌዎቹ፤ ያልቀመሰው ቅጠል ስለሌለ እሱ ራሱ መድኃኒት ነው ለማለት። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ደግሞ መድኃኒቱም ሥጋውም እሱ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ችግሩ አንበጣ የሚመስል ሌላ ፍጥረት መኖሩ ነው። ዑሸር የሚባል ቁጥቋጦ አለን፤ ቅጠሉ ሰፊ፣ ሲቀነጠስ ነጭ ወተት የሚያፈስ፣ ፍየል እንኳ የማትደፍረው። ያንን መርዝ ቅጠል እየበላ የሚወፍር ፌንጣ አለ። ቁመቱ የአንበጣ ያህል ነው። ክንፉን አጣጥፎ ሲቀመጥ አመድ የነሰነሱበት ጭራሮ ይመስላል። ሲነኩት ግን የላይኛውን ክንፍ ገለጥ ያደርግና የታችኛውን ያሳያል፤ ያ ደግሞ ቀይ ነው፤ ዓይን የሚወጋ ቀይ። ቀዩ እንደ ሙሽራ ልብስ ስለሆነ የዑሸር ሙሽራ እንላታለን። የበላትን ሰው ታስመልሰዋለች፣ ልቡን ታደክመዋለች። ሕፃን ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። መቃብራችን ውስጥ በእሷ ምክንያት የገባ ልጅ አለ።

ያን ቀለም ለምን እንደለበሰች ያሳዩኝ ዐም ፉተይኒ ናቸው፤ ዓይናቸው ገና ደህና ሳለ። አጥሩን ስጠግን አንዲት ቄብ ዶሮዬ ሙሽራ አግኝታ ነከሰቻት። ወዲያው ተፋቻት። አንገቷን ወደ ፊት ዘረጋች፣ አስመለሳት፣ መንቁሯን መሬት ላይ እያሸች ግቢውን ዞረች።

«አለቀላት በሉኝ» አልኩ። «ለዒድ ያልኳት ነበረች።»

«ዶሮህስ አትሞትም» አሉ ዐም ፉተይኒ አጥሩ ላይ ተደግፈው። «የሞተችው ሙሽራዋ ናት። ዶሮህ ግን ከዛሬ ጀምሮ ቀይ ክንፍ ባየች ቁጥር ትሸሻለች። አንዷ ተነክሳ ነው ሌሎቹ የሚተርፉት።»

እውነትም በማግስቱ ሌላ ሙሽራ ክንፏን ብትገልጥባት ያቺ ቄብ እሳት እንደነካት ወደ ኋላ ዘለለች። ሙሽራዋ ግን አልበረረችም፣ አልዘለለችም፤ እግሯን እየጎተተች በዶሮዋ መንቁር ሥር አለፈች።

«አየህ አረማመዷን?» አሉኝ። «የማይበላ አይቸኩልም።»

«እንደ እኔ በሉኛ።»

«አንተማ የማትቸኩለው የሚበላህ ስለጠፋ አይደለም፤ የሚያበላህ ስላለ ነው» አሉኝ። ባለቤቴ ከጓዳ ስትስቅ ተሰማኝ።

ለቀማው እንዲህ ነው። ሊነጋ ሲል፣ ብርዱ አንበጣውን ቁጥቋጦ ላይ አደንዝዞት ሳለ፣ ለቃሚው አንድ አንዱን ይይዝና በአውራ ጣቱ ክንፉን ይገልጣል። ቀይ ከሆነ ይጥለዋል፤ ካልሆነ ወደ እርጥብ ጆንያ ይከተዋል። ከዚያ በኋላ ማንም አያየውም። ጆንያው ከተፈታ ስለሚበር፣ በሕይወቱ እንዳለ የጋለ የሸክላ ምድጃ ውስጥ ይገለበጥና ይከደንበታል። እሳቱ መጀመሪያ የሚበላው ክንፉን ነው። ክንፉ ሲነድ ምልክቱም አብሮ ይነድዳል። ተጠብሰው ከወጡ በኋላ አንበጣውንና ሙሽራዋን የወለደቻቸው እናት እንኳ አትለያቸውም።

የለቃሚ ጉርሻ የሚባለው ልማድ የመጣው ከዚህ ነው። ሽያጭ ሳይጀመር ከገዢዎቹ መካከል በዕድሜ የሚበልጠው ሰው እጁን ከትሪው ሥር ድረስ ሰዶ አንድ ጭብጥ ያወጣና ለቃሚውን በሰው ፊት ያጎርሰዋል። ለቃሚው አላምጦ ይውጥና «በጤና ብሉ» ይላል። ይህ ቃል ሳይወጣ ማንም እጁን አይዘረጋም። ዐም ፉተይኒ ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ ይህን ቃል ሲሉ ኖረዋል። ሌላ ሀብት አልነበራቸውም፤ መሬት የላቸው፣ ጀልባ የላቸው። የነበራቸው ስም ነው። እናቶች ለልጆቻቸው አንበጣ ሲሰጡ «ብላ፣ አትፍራ፣ የፉተይኒ እጅ ነው» ይላሉ።

ዓይናቸው መድከሙን መጀመሪያ ያወቀው ሸሚዜ ነው። ገመድ ላይ ተሰጥቶ ሳለ «ጃቢር፣ እንዴት አደርክ?» ሲሉት ሰማሁ። ሸሚዙ ዝም አላቸው።

«ደግሞ ምን አስኮረፈህ?» አሉት።

እኔ ከኋላቸው ሆኜ «እሱ ዛሬ ታጥቧል፤ ካልታጠበ ጎረቤት ጋር አይነጋገርም» አልኳቸው።

ሳቁ። ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ልብ ብዬ ሳይ፣ አህያቸውን እየሳቡ ይሄዳሉ ስንል ለካ የምትስባቸው እሷ ኖራለች።

ቀመር የምትባል ልጅ አለቻቸው፤ ከባሏ ተፋትታ ወደ አባቷ ቤት የተመለሰች፣ ምላሷ የሰላ። አንበጣውን የምትጠብሰው እሷ ናት። አንድ ቀን ከሰዓት በአጥሩ ቀዳዳ ጠራችኝ።

«ጃቢር፣ አባቴን ምከርልኝ። ትናንት ሻዬ ላይ ጨው ጨመሩልኝ።»

«ካንቺ ጋር እየኖሩ መራራውና ጣፋጩ ቢምታታባቸው ምን ይደንቃል?»

«ቀልድህን ያዝ። ዓይናቸው ላይ ነጭ ነገር ወርዷል። መንጋው ባሕሩን ተሻግሯል እየተባለ ነው፤ ሊለቅሙ ሊወጡ ነው። እኔ ልልቀም ብላቸው ጮኹብኝ። አንተን ቢያንስ እየሳቁ ነው የሚሰድቡህ።»

ሄድኩ። ዐም ፉተይኒ ደጃቸው ተቀምጠው ጆንያ ይሰፋሉ፤ መርፌው ከጆንያው ይልቅ ጣታቸውን ያገኘዋል።

«ዐም፣ ዘንድሮ እርስዎ ይያዙ፤ ክንፉን እኔ ልግለጥልዎት» አልኳቸው።

የውሃ ሞተር ጠጋኝ ነኝና «በዚያ ናፍጣ በጠጣ እጅህ?» አሉኝ። «አንበጣው ሞተር ሞተር ሲል ማን ይበላዋል?»

«አይ፣ ዓይንዎን ብዬ...»

«ዓይኔ ምን ሆነ?»

ጣታቸውን አየሁ። እሳቸውም መርፌውን ጆንያው ላይ ሰክተው «ና፣ ተቀመጥ» አሉኝ። አጠገባቸው ክዳን ያለው ቅርጫት ነበር። «እዚህ ውስጥ ሙሽራም አለ፣ ተራ ፌንጣም አለ። እየደባለቅህ አቀብለኝ።» ይህን ብለው ዓይናቸውን በጥምጣማቸው ጫፍ ሸፈኑ።

አቀበልኳቸው። ሙሽራ ስትያዝ ከጀርባዋ አረፋ ታፈልቃለች፤ ይከረፋል፣ ጣት ላይ ይጣበቃል። እሳቸው አውራ ጣታቸውን ያሻሉ፣ ወደ አፍንጫቸው ያስጠጋሉ፣ «ሙሽራ» ብለው ይጥላሉ። ተራውን ደግሞ «ይህ ደህና ነው» ይላሉ። ላሳስታቸው ብዬ የራሴን ጣት ባቀብላቸው «ይህ ደግሞ ሰነፍ ነው» አሉ። አንዴም አልተሳሳቱም።

«ዓይን ለወጣት ነው» አሉ ጥምጣማቸውን እየፈቱ። «ለእኔ ጣትና አፍንጫ ይበቃኛል።»

አመንኩ። ማን አያምንም? ቀመርም በበሩ ሆና አይታ አመነች።

ያ የሆነው ግን በቀትር ፀሐይ ነው። ሙሽራ አረፋ የምታፈልቀው ሲሞቃት ነው። ብርድ ሲይዛት ያ ጉልበት አይኖራትም፤ እንደ ደረቅ እንጨት ትያዛለች፤ ከቀይ ክንፏ በቀር የምትናገርበት የላትም። ይህን ዐም ፉተይኒም አያውቁም ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ በዓይናቸው ሲለዩ ኖረው በብርድ ማሽተት መቼ አስፈልጓቸው ያውቃል? በዚያ ላይ ጋዝ ከጠፋ ወዲህ በወዲው፣ በደረቁ ወንዛችን፣ ዳር የነበረው ዑሸር ሁሉ ለከሰል ተቆርጦ ነበር። ቤታቸው የፈረሰባቸው ሙሽሮች በየቁጥቋጦው ተበትነዋል። ድሮ ከዑሸር የራቀ ለቃሚ ከግማሹ አደጋ የራቀ ነበር፤ አሁን ግን የት እንዳሉ የሚያውቅ የለም።

መንጋው ረቡዕ አመሻሽ ላይ መጥቶ ወዲው ውስጥ አረፈ። በማግስቱ የገበያ ቀን ነው። ሊነጋጋ ሲል የአህያዋን ኮቴ በአጥሩ በኩል ሰማሁ። ፀሐይ ወጣ ስትል ዐም ፉተይኒ ሁለት ጆንያ ሞልተው ተመለሱ፤ ፊታቸው እንደ ሠርግ ቤት በርቶ።

«ጃቢር! እንዲህ ያለ ለቀማ አይቼ አላውቅም!»

«ለሸሚዜ ሰላምታ ሳይሰጡ እንዳያልፉ» አልኳቸው። ሰደቡኝ። ደስ ብሏቸው ስለነበር ስድቡ ምርቃት ይመስል ነበር።

ቀመር አንዱን ጆንያ ምድጃ ውስጥ ገለበጠችው። ሁለተኛውን ለከሰዓት ብላ እንደታሰረ በአጥራችን ጥላ ሥር አቆየችው፤ እንዳይሞቀው ውሃ ረጨችበት። የጥብሱ ሽታ መንደሩን ሲዞር ሰው ከየቤቱ ይወጣ ጀመር። ከታኅሣሥ ወዲህ ሥጋ ያልሸተተው ብዙ ነው። ትንሿ ልጄ ሳህን ይዛ ከፊት ለፊት ቆመች፤ አልተዋትም ብላ ባለቤቴ ከኋላዋ።

ጥብሱ በትልቅ ትሪ ቀርቦ ገበያው መሃል ካለው ዛፍ ሥር ተቀመጠ። የዚያን ቀን በዕድሜ የሚበልጡት ሐጅ ዘይለዒ ነበሩ፤ ድሮ እህል ነጋዴ፣ አሁን ሚዛናቸውን ብቻ ይዘው የቀሩ። እጅጌያቸውን ሰበሰቡና እጃቸውን ከትሪው ሥር ሰደዱ።

«ፉተይኒ፣ አፍህን ክፈት፤ ጥርስ ቀርቶህ ከሆነ።»

«የእኔስ ያላምጣል። ያንተ ከሚዛንህ ጋር ዝጓል።»

ሰው ሳቀ። ሐጅ ዘይለዒ አጎረሷቸው።

ዐም ፉተይኒ አላመጡ፤ እንደ ወትሯቸው ቀስ ብለው፣ ሰው እንዲያይ። ከዚያ መንጋጋቸው ቆመ። እኔ ፊት ለፊታቸው ነበርኩ። አንገታቸው ትንሽ ወደ ፊት ተዘረጋ። ያን አዘረጋግ አውቀዋለሁ፤ ቄቧ ላይ አይቼዋለሁ። ቀና ስል ቀመር ታየኛለች። ፊቷ አመድ መስሏል። እሷም ገብቷታል።

ሊተፉት ይችሉ ነበር። የሽማግሌ ጉርሻ መትፋት ግን በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ የተፋ ለቃሚም ዳግመኛ ጆንያ አይይዝም። ውጠው «በጤና ብሉ» ሊሉም ይችሉ ነበር። ምሬቱን ከእሳቸው በቀር የቀመሰው የለም። ምናልባት በትሪው ውስጥ የነበረችው ያቺ አንዷ ብቻ ናት። ምናልባትም አይደለችም። ልጄ ሳህኗን ወደ ትሪው አስጠግታለች፤ እኔ ልጎትታት እጄን ስዘረጋ ዐም ፉተይኒ ዋጡት። ጉሮሯቸው ሲወርድ አየሁ።

«በል እንግዲህ፣ ቃልህን» አሉ ሐጅ ዘይለዒ።

ዐም ፉተይኒ አፋቸውን ከፈቱ። 

«ኧረ ይበሉና! ልጆቹ ራባቸው!» አለች አንዲት ሴት ከኋላ።

«አትብሉ» አሉ።

ሰው ያልሰማ መሰለ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙት፤ «አትብሉ። ሙሽራ አለችበት። አንዷን እኔ በላሁ፤ ስንት እንደቀረች አላውቅም።»

«እንዴት አታውቅም?» አሉ ሐጅ ዘይለዒ። «አንተ አይደለህ የለቀምከው?»

«እኔ ነኝ።» እጃቸውን ወደ ፊታቸው አንስተው መልሰው አወረዱት። «ዓይኔ አያይም፣ ዘይለዒ። ከዓምና ጀምሮ አያይም። አንተንም ፊቴ ቆመህ የማውቅህ በድምፅህ ነው።»

ከዚህ በኋላ የሆነውን ጩኸት ባልጽፈው ይሻላል። የራበው ሰው የሚናገረውን ነው የተናገሩት። «ዓይን ከሌለዎት ምን ሊለቅሙ ወጡ?» ያለ አለ፤ «ልጆቻችንን ሊፈጁ» ያለችም አለች።  ሐጅ ዘይለዒ በእጃቸው የቀረውን ጣሉ፣ መዳፋቸውን በአሸዋ አሹ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው የጓደኛቸውን ግንባር ስመው ትሪውን በእግራቸው ገለበጡት። ቀመር ከዛፉ አጠገብ ጉድጓድ ቆፍራ ሁሉንም ቀበረችው። 

ዐም ፉተይኒን በሞተር ብስክሌቴ ይዤ ቤት ሳልደርስ ማስመለስ ጀመሩ። አጥሩ ጥላ ሥር አስተኛናቸው። ቀመር ወተት አጠጣቻቸው፤ መልሰው አወጡት፤ እንደገና አጠጣቻቸው። እጄን ደረታቸው ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ልባቸው አንዴ ትመታና ታርፋለች፤ ቆመች ስል ደግሞ ትመታለች። ምንም ቀልድ አልመጣልኝም። የከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ከተሰገደ በኋላ ልባቸው ደህና መምታት ጀመረች፤ ወደ ከንፈራቸውም ደም ተመለሰ።

«ሁለተኛው ጆንያስ?» አሉ፤ መጀመሪያ የተናገሩት ይህን ነው።

«እዚሁ አጠገብዎት አለ። ልንቀብረው ነው» አለች ቀመር።

«አትቅበሩት። ጃቢር፣ ፍታውና ዶሮዎችህን ልቀቃቸው።»

«ለምን፣ ዐም?»

«ምን እንደለቀምኩ ማወቅ አለብኝ።»

ጆንያውን ፈታሁ። የጸናው ብድግ ብሎ በአጥሩ ላይ በረረ፤ የደከመው መሬት ላይ ፈሰሰ። ዶሮዎቹ እየተጋፉ መጡ፤ ከፊት ያቺ ቄብ፣ ዛሬ የጫጩቶች እናት ሆናለች። ግቢው በመንቁር ድምፅ ተሞላ።

«ንገረኝ» አሉ ዐም ፉተይኒ።

«እየበሉ ነው።»

«አሁንስ?»

«እየበሉ ነው... አሁን ቆሙ።»

ቆሙ። ዶሮዎቹ ክብ ሠርተው አንገታቸውን እያዘነበሉ ይመለከታሉ። በመካከላቸው ሙሽሮች ተበትነዋል። የከሰዓት ፀሐይ አሙቋቸው አንድ ባንድ ክንፋቸውን ይገልጣሉ። አንድ ጫጩት ጠጋ ሲል እናቱ ጮኸችበት፤ ተመለሰ። ዐም ፉተይኒ ሊለዩት ያልቻሉትን ዶሮዎቼ ወዲያው ለይተው ጨረሱት።

«ብዙ ናቸው?»

ቀመር አየችኝ። ጥቂት ናቸው እንድል ነው። እኔም ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ ጠዋት የሰማሁት «አትብሉ» ግን ገና ጆሮዬ ውስጥ ነበረ።

«ብዙ ናቸው፣ ዐም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ክንፋቸውን ገልጠዋል?»

«ገልጠዋል።»

«ቀይ ነው?»

«ቀይ ነው።»

«ምን ዓይነት ቀይ?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም። ፈለግሁ። የሻሽ ቀይ አይደለም፤ የበርበሬም አይደለም። «የተዳፈነ ከሰል እፍ ሲሉበት» አልኳቸው፣ «መጀመሪያ ብልጭ የሚለው።»

«አዎ» አሉ። «እሱ ነው። አልተለወጠም።» በዚያ በሞራ በተሸፈነ ዓይናቸው ዳር ውኃ ወረደ፤ አላበሱትም።

ከዚያ «ቀመር» ብለው ጠሩ። «መንጋው ነገም እዚያው ነው። አህያዋን አንቺ ውሰጃት። ክንፍ መግለጥ አንቺም ታውቂያለሽ፤ ልጅ ሳለሽ አሳይቼሻለሁ።»

«ሰው ይገዛኛል? ዛሬ ከሆነው በኋላ?»

«ጉርሻውን እኔ እጎርሳለሁ።»

«አባ!» አለች። «ደግሞ ሙሽራ ብትገኝበትስ? ልብዎ ሁለተኛ አይችልም» አለች።

«እንግዲያው እንዳትገኝ አድርገሽ ልቀሚ። ዓይኔ ነው የጠፋው እንጂ አፌ አልጠፋም። መራራ ከሆነ መራራ ነው እንደሚል ሰው ዛሬ አይቶታል።»

ቀመር ባዶውን ጆንያ አንስታ አራገፈችው፤ የተቀደደ ቦታ እንዳለው በጣቷ እየዳሰሰች ወደ ጓዳ ገባች። ጥቂት ቆይቶ መርፌና ክር ስትፈልግ ሰማኋት።

ዶሮዎቹ አፋቸውን መሬት ላይ እያሹ ተበተኑ። ከሙሽሮቹ አንዷ ክንፏን ሰበሰበች፤ ቀዩ ጠፋና አመድ የነሰነሱበት ጭራሮ ሆነች። በዐም ፉተይኒ እግር አጠገብ አድርጋ ወደ አጥሩ ተራመደች። አልቸኮለችም።